«ተጸጸተ»፣ «ተናዘዘ»፣ «ንስሐ ገባ» አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጸሎት ላይ ሦስቱን እያፈራረቅን እንጠቀምባቸዋለን። ልዩነት አላቸው? ደግሞስ «ኑዛዜ» ሟች ለወራሾቹ የሚተወው ቃል ሆኖ ሳለ ከኃጢአት ጋር ምን አገናኘው?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ግሦቹን ልብ በላቸው። ጸጸት «ይይዘናል»፣ «ያንገበግበናል»፤ ሳንጠራው የሚመጣ ነው። ንስሐ ግን «እንገባለን»፤ ቃል እንደምንገባ፣ ውል እንደምንገባ። ማቴዎስ 27፥3 ይሁዳ «ተጸጸተ» ይላል። ብሩንም መለሰ፣ «በድያለሁ» እስከ ማለትም ደረሰ። የነገራቸው ግን ካህናቱን ነው፤ ወደ ጌታው አልተመለሰም።

«ተናዘዘ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ቃል ነው። በግዕዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ነው፤ «ናዛዜ ኅዙናን» ሲባል ያዘኑትን የሚያጽናና ማለት ነው። ኃጢአትን ገልጦ መናገርም ከዚያው ሥር ወጣ። የሟቹም ኑዛዜ ያው ነው፤ በልቡ ያለውን አውጥቶ ይሄዳል። መናገርና መጽናናት ባንድ ቃል ውስጥ መኖራቸው እኔን ሁሌም ይነካኛል።

ቃሉ ይህን ያህል ከከበደ አነጋገራችንን እንመርምር። አማርኛ መሸሸጊያ አያጣም። «ስሕተት ተፈጠረ» እንላለን፤ ማን ፈጠረው? «ከአፌ አመለጠኝ» እንላለን። ከሁሉ የከፉት ግን «ከሆነ» እና «ካለ» ናቸው። አንድ ጊዜ ባልደረባዬ ባላጠፋው ሲወቀስ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ለሳምንታት «ጌታ ሆይ፣ የበደልሁት ሰው ካለ ይቅር በለኝ» እያልሁ ጸለይሁ። ካለ! ሰውየው በየቀኑ ከፊቴ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሌሊት ስሙን ጠርቼ «ለራሴ ፈርቼ ዝም አልሁ፤ እርሱ ተወቀሰ» አልሁ። ያን ጊዜ ገና መጸለይ የጀመርሁ መሰለኝ። በማግስቱ ወደ እርሱ ሄድሁ።

አዳም የተናገረውን ዘፍጥረት 3፥12ን በአማርኛ ጮክ ብለህ አንብበው፦ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት እርስዋ ከዛፉ ሰጠችኝና በላሁ»። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «በላሁ» ጋ እስክንደርስ እግዚአብሔርም ሴቲቱም ተከሰዋል። ዳዊት በናታን ፊት ያለው ግን «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብቻ ነው፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥13። ንጉሥ ሳኦልም ለነቢዩ ሳሙኤል «በድያለሁ» ብሎ ነበር፤ አስከትሎ ግን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ አለ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። «በማወቅም ባለማወቅም የበደልሁትን» ብሎ መጸለይስ መሸሸግ ነው? እኔ ሁሌ እንዲያ ነው የምጸልየው። መዝሙር 19፥12ም «ከተሰወረ ኃጢአት አንጻኝ» ይላል እኮ።

መላሽ፦ እውነትሽን ነው፣ እኅቴ። የማላውቀው በደል እንዳለብኝ አምናለሁ፤ ለእርሱ ያ ጸሎት ያስፈልገኛል። እኔን የጎዳኝ የማውቀውን «ባለማወቅ» ውስጥ መክተቴ ነው። ምሳሌ 28፥13 «የሚናዘዝባትና የሚተዋት» ይላል፤ በስሟ ያልጠራኋትን የትኛዋን ብዬ እተዋታለሁ?

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ፦ «ማረኝ» እና «ይቅር በለኝ»ስ?

መላሽ፦ ይቀራረባሉ። «ማረኝ» ላይ ግን የሚቀጣ ሥልጣን ያለው ሰው ፊት መቆም አለበት፤ ዳኛም ይምራል፣ ንጉሥም ይምራል። ሉቃስ 18፥13 ቀራጩ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ይላል። «ኃጢአተኛውን» ውስጥ ያለችውን «ው» አትለፋት፤ ግሪኩም እዚያ ቦታ ላይ «ኃጢአተኛው» ነው የሚለው። በዚያው ምሳሌ ያለው ፈሪሳዊ «እንደ ሌሎች ሰዎች አይደለሁም» እያለ የሌሎችን ኃጢአት ሲቆጥር ቀራጩ ግን ሌላ ኃጢአተኛ አልታየውም።