አሳዳጊ የሌላት ልጅ ትምህርት ቤት እንዴት ትመዝገብ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። 16 ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የመጣሁት እማዬን ጸበል ላስጠምቅ ብዬ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አረፈች። የቤት ኪራይ መክፈል ስላልቻልኩ ክፍሏን ለቀቅኩ።

አሁን አንዲት እማሆይ ጎጇቸው ውስጥ አስጠግተውኛል። ጣሪያው ስለሚያፈስ ደብተሮቼን በፌስታል ጠቅልዬ ራስጌዬ አስቀምጣለሁ። ለኪዳን ሲነሱ አብሬ እነሳለሁ። ስንመለስ በጧፍ ብርሃን አጠናለሁ።

አንዳንድ ሰው «እምነት ቢኖራችሁ ትድን ነበር» ይለኛል። አንጀቴን ነው የሚቆርጠው። እማዬ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ስትጸልይ ነበር! እኔም እግዚአብሔርን አልተቀየምኩትም፤ አለቅሳለሁ እንጂ። እንደማይጥለኝ አውቃለሁ።

የቸገረኝ ይሄ ነው። 10ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ 11ኛ መቀጠል፣ ከዚያም ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት «መሸኛና አሳዳጊ አምጪ» አለኝ። የድሮው ትምህርት ቤቴ ደግሞ መሸኛውን ለመስጠት ወላጅ ይቅረብ ይላል። አባቴን አላውቀውም።

በቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ፍርድ ቤት ሞግዚት ሊሾምለት እንደሚችል ተነግሮኛል። እማሆይ «እኔ ልሁንሽ ልጄ» ብለውኛል። መነኩሲት ሞግዚት መሆን ይችላሉ? ማመልከቻው የሚገባው እዚህ ነው ወይስ ደብረ ብርሃን? ክፍያ አለው? የእማዬ የባንክ ደብተርም እጄ ላይ ነው፤ ያለቻትን ለማውጣት ምን ወረቀት ያስፈልገኛል? እባካችሁ፣ ምዝገባው ሳያልፍብኝ የሚያውቅ ሰው ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።