ቡችላው በቀለም ወላጆቹን ካልመሰለ ገንዘብ ይመለስ?

ለቡድናችን የቀረበው ሐሳብ (የሚከራከሩት በጅማ ሰፈሮቻቸው በሂርማታ፣ በኮቺና በጂረን የተጠሩ ሦስት አባላት ናቸው)፦ ጅማ ውስጥ «ንጹሕ ዘር» ተብሎ የተሸጠ ቡችላ ቀለሙ ከእናት ከአባቱ ካልገጠመ ሻጩ ገንዘቡን ይመልስ።

የሂርማታው፦ እደግፋለሁ። ገዢው በዐይኑ የሚያየው ማስረጃ ቀለም ብቻ ነው። ላብራዶር የሚባለውን የውሻ ዘር ውሰዱ፤ ከሁለት ጥቁር ላብራዶር ቡላ ቡችላ ከወጣ የሰፈር ውሻ አጥር ዘሎ ገብቷል።

የኮቺዋ፦ ወንድሜ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ራሱ ይሞግትሃል። ላብራዶር ቡላ የሚሆነው ኤምሲ1አር የሚባለው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መመሪያ) ሁለቱም ቅጂ፣ ከእናትም ከአባትም የመጣው፣ ሲበላሽ ነው፤ ያኔ ጥቁሩ ቀለም ፀጉሩ ላይ አይወጣም። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ውሻ ጥቁር ሆኖ ይኖራል፣ ለልጆቹ ግን ያወርሳል። ሁለቱም ወላጆች እንዲህ ከሆኑ በአማካይ ከ4 ቡችላ 1ዱ ቡላ ነው። በአማካይ ነው ያልኩት፦ 8 ተወልደው አንድም ቡላ የማይገኝበት ዕድል 10 በመቶ ገደማ ነው። «ባለፈው ስትወልድ ቡላ አልነበረም» የሚለው ክስ ውኃ አያነሳም።

የጂረኑ፦ የጀርመን ሸፐርድ በሚባለው የውሻ ዘር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የላብራዶር ጥቁረት አሸናፊ ነው፣ አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃዋል፤ ጂኑ ሲቢዲ103 ይባላል፣ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የሸፐርድ ሙሉ ጥቁረት ግን ተሸናፊ ነው፣ ሁለቱም ቅጂ ካልተገኘ አይታይም፣ አጉቲ ከሚባለው ሌላ ጂን ይመጣል። ስለዚህ ጀርባቸው ጥቁር፣ እግራቸው ቡናማ ከሆኑ ወላጆች ሙሉ ጥቁር ቢወለድ ማጭበርበር የለበትም።

የሂርማታው፦ እንዲህ ከሆነማ «ድብቅ ጂን ነው» የሁሉም ሻጭ ማምለጫ ይሆናል። ገዢውን ማን ያድነው?

የኮቺዋ፦ ያንተ ደንብም አያድነውም! በእያንዳንዱ የቀለም ጂን ሁለቱም ቅጂዋ አሸናፊ የሆነ ጥቁር ላብራዶር በሰፈር ቡላ ውሻ ብትጠቃ ቡችሎቹ በሙሉ ጥቁር ይሆናሉ። ቀለም ገጠመ ተብሎ ዲቃላው በንጹሕ ዋጋ ይሸጣል፤ እውነተኛውን ቡላ የሸጠው ሰው ግን ይከፍላል። ይህ ግፍ ነው።

የጂረኑ፦ ገንዘብ ይመለስ ከተባለ ፈጽሞ በማይሆነው ላይ ይሁን፦ ከሁለት ቡላ ላብራዶር ጥቁር፣ ከሁለት ቡናማ ላብራዶር ጥቁር፣ ከሁለት ሙሉ ጥቁር ሸፐርድ ጀርባው ብቻ ጥቁር የሆነ። (ከመጨረሻዎቹ ነጭ ሊወጣ ይችላል፤ እሱ የኤምሲ1አር ሥራ ነው።) ለቡናማዎቹ አፍንጫን ተመልከቱ። የሁለት ቡናማ ወላጆች ልጅ ፀጉሩ ቡላ ቢሆን እንኳ አፍንጫው ጥቁር አይሆንም። ሲወለድ ሮዝ ስለሆነ ግን ጥቂት ሳምንታት ጠብቁ።

የሂርማታው፦ ይህን እቀበላለሁ። ሻጩ እናትና አባቱን በአካል ያሳይ የሚለውም ይግባ።

የኮቺዋ፦ አባትየውን ማሳየት ብቻውን አይበቃም። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት አንድ ወቅት ከሁለት ወንድ ልታረግዝ ትችላለች፤ በአንድ ሆድ የሁለት አባት ልጆች ይወለዳሉ። ደም ከታየበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 3 ሳምንት ተዘግቶባት ትቆይ። ብዙዎች ደሙ ሲሳሳ በሩን ይከፍታሉ፣ የምትፀንሰው ግን በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው።