ራይንጋውን ከወይን ዘሮቹ ጋር ለማወቅ ከየት ልጀምር?

የማይን ዳር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለሽርሽር ወደ ራይን ወንዝ በወጣሁ ቁጥር ራይንጋው በሚባለው አካባቢ ከኤልትቪለ እስከ ሩደስሃይም የተዘረጋውን የወይን ማሳ በባቡር መስኮት እያየሁ ከማለፍ በቀር፣ ምን ዘር እንደሚበቅልበትም ሆነ አንዱ መንደር ከሌላው በምን እንደሚለይ አላውቅም። አገር ቤት ሳለሁ ከጉደር ሌላ ብዙ አልቀመስኩም፤ እዚህ ደግሞ ሱቅ ገብቼ አንድ ጠርሙስ ባነሣ፣ መለያ ወረቀቱ ላይ የመንደር፣ የማሳ፣ የዘርና የደረጃ ስም ተደርድሮ ስለማገኝ ጣፋጩን ከደረቁ መለየት እንኳ ያቅተኛል። ለመስቀል ሰሞን ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። አካባቢውን ላስጎበኛት፣ ቤትም ዶሮ ወጥ ሠርቼ ከዚያው አገር ወይን ጋር ላቀርብላት አስቤያለሁ። የትኛውን ዘር አስቀድሜ፣ ወደ የትኛው መንደር ብሄድ ይሻላል? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሐረግ፦
ከጠርሙሱ በፊት ወንዙን ቢመለከቱ ነገሩ ይቀልልዎታል። ራይን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲወርድ ቆይቶ ቪስባደን አጠገብ የታውኑስ ተራራ ይገታውና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያው ከተጓዘ በኋላ ሩደስሃይም ላይ ነው እንደገና ወደ ሰሜን የሚዞረው። በዚህ መታጠፍ የተነሣ የቀኝ ዳርቻው ተዳፋት ፊቱን ለደቡብ ፀሐይ ይሰጣል፣ ተራራው ከጀርባ ሆኖ የሰሜኑን ብርድ ይከላከልለታል፣ ሰፊው ወንዝም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝብለታል። ሪስሊንግ ዘግይቶ የሚበስል ነጭ የወይን ዘር ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ባያገኝ ኖሮ በዚህ ሰሜናዊ አገር በየዓመቱ መብሰሉ አጠራጣሪ በሆነ ነበር። ከራይንጋው ማሳ ሦስት አራተኛ ያህሉን የያዘውም እርሱ ስለሆነ፣ የእኔ ምክር ዘር ከማብዛት ይልቅ ሪስሊንግን ብቻ ይዘው ከመንደር መንደር እንዲያነጻጽሩ ነው።

ልዩነቱን ጎልቶ የሚያገኙት በአፈሩ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ዝቅተኛ ማሳ አፈሩ ጥልቅና ለም በመሆኑ ወይኑ ሞላ ያለ፣ ጀማሪም ቶሎ የሚለምደው ይሆናል፤ ከፍ ብሎ ራውንታል ዘንድ ያለው ግን ድንጋያማና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ወይኑ ቀጠን ይላል፣ ኮምጣጣነቱም ይበረታል። ሩደስሃይም ላይ ቁልቁለቱ ሠራተኛ ቆሞ ለመልቀም የሚቸገርበት ነው፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለፍሬው ስለሚመልስለት ወይኑ ጠንካራ ይወጣል። ሦስቱን የአንድ ዓመት ምርት አድርገው ጎን ለጎን ቢቀምሱ ከብዙ ንባብ ይበልጥብዎታል።

እህትዎን ይዘው ሲሄዱ ኤበርባኽ ገዳምን እንዳያልፉት። ከፈረንሳይ የመጡ የሲስተርሲያን መነኮሳት በ1136 የመሠረቱት ሲሆን፣ በአጠገቡ በግንብ አጥረው ያለሙት ሽታይንበርግ የተባለው ማሳ ዛሬም ወይን ይሰጣል። ዮሃኒስበርግም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ርስቱ የፉልዳ ገዳም ሆኖ ሳለ፣ በ1720 ማሳው በሪስሊንግ ተተከለ። በ1775 የለቀማውን ፈቃድ ከፉልዳ ይዞ የሚመለሰው ፈረሰኛ ስለዘገየ ፍሬው ሻጋታ ይዞት ተለቀመ፤ የዚያ ዓመት ወይን ግን ከሁሉ በልጦ ተገኘ ይባላል። ሲተረክ ትንሽ ሳይዋብ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ቢሆንም የፈረሰኛው ሐውልት ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ፍሬውን ዘግይቶ መልቀምም ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኗል።

ቀይ ብርጭቆ፦
ከሐረግ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሪስሊንግን ብቻ በሚለው ላይ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። ባቡሩ ከሩደስሃይም ቀጥሎ የሚቆምበት አስማንስሃውዘን፣ ወንዙ ወደ ሰሜን ከዞረ በኋላ የሚገኝ የቀይ ወይን መንደር ነው። በዚያ የሚበቅለው ሽፔትቡርጉንደር ፈረንሳዮች ፒኖ ኗር የሚሉት ዘር ሲሆን፣ ልጣጩ ስስ በመሆኑ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ ጠያቂያችን ቀይ ወይን ከለመዱ መሸጋገሪያ ይሆናቸዋል እንጂ አያሳስታቸውም። ሆለንበርግ የተባለውን ማሳ ስም ጠርሙስ ላይ ካዩ የመንደሩን ምርጥ ቦታ አገኙ ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ጋይዘንሃይምንም ልጨምር። የወይን ምርምርና ትምህርት ተቋሙ በ1872 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳዊው ሄርማን ሙለር በ1882 ሙለር ቱርጋው የሚባለውን ዘር ያዳቀለው እዚያ ነው። ለረጅም ጊዜ የሪስሊንግና የሲልቫነር ልጅ ነው ሲባል ኖሮ፣ የዘረመል ምርመራ ሁለተኛው ወላጅ ማድሌን ሮያል መሆኑን አረጋገጠ። ቶሎ የሚበስልና ብዙ የሚያፈራ ቢሆንም፣ በጣዕሙ ከሪስሊንግ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለመቅመስ ደግሞ ትልልቆቹን ርስቶች ብቻ አይከተሉ። ገበሬዎች በዓመት እስከ 4 ወር ድረስ ግቢያቸውን ከፍተው የራሳቸውን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር የሚሸጡባቸው፣ ሽትራውስቪርትሻፍት የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ በር ላይ የተሰቀለ የቅጠል ጉንጉን ወይም መጥረጊያ ካዩ ክፍት ነው ማለት ነው። የምትሄዱበት ወቅት ለቀማ ላይ ስለሚውል፣ ገና በመብላላት ላይ ያለውን ደፍራሳ አዲስ ወይንም ታገኛላችሁ።

ጓዳ፦
እኔ ስለ መለያ ወረቀቱና ስለ ዶሮ ወጡ ልመልስ። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ደረጃዎች የሚናገሩት ፍሬው ሲለቀም ጭማቂው ምን ያህል ስኳር እንደነበረው እንጂ ወይኑ ጣፋጭ መሆኑን አይደለም። እርሾው ስኳሩን ጨርሶ ከበላው ሽፔትሌዘም ደረቅ ይሆናል፤ ማር ሁሉ ጣፋጭ ጠጅ እንደማይወጣው ማለት ነው። ትሮከን የሚል ቃል ካለበት ደረቅ ነው፣ የሚቀረው ስኳርም በሊትር ቢበዛ 9 ግራም ነው፤ ሃልብትሮከን እስከ 18 ግራም ይደርሳል፤ ፋይንሄርብ ግን በሕግ ያልተወሰነ በመሆኑ እንደ ጠማቂው ይለያያል። ምንም ካልተጻፈ የአልኮሉን መጠን ይመልከቱ፦ 12 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ሳይብላላ ቀርቷል።

ለዶሮ ወጥ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ጥቂት ጣፋጭነት ግን ያለዝበዋል፣ የሪስሊንግ ኮምጣጣነትም የቅቤውን ክብደት ከአፍ ያነሣል። በደንብ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ካቢኔት ያቅርቡ፤ ቀዩን ለጥብስ ያቆዩት።

የማይን ዳር (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው የሰጠኝን ቆየት ያለ የራይንጋው ሪስሊንግ ብከፍተው ላምባ ላምባ ሸተተኝና ሳልቀምሰው መልሼ ከደንኩት። ተበላሽቶ ይሆን?

ሐረግ፦
አልተበላሸም፣ ይጠጡት። ፀሐይ በደንብ ያገኘው የሪስሊንግ ፍሬ በልጣጩ የሚይዛቸው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች ጠርሙስ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ወደዚህ ሽታ ይለወጣሉ፤ የሚወዱት አሉ፣ የሚሸሹትም አሉ። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ቢያቆዩት ሌላው መዓዛ ይወጣል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ሲሆን ግን ችግሩ የቡሹ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከሱቅ የገዙት ከሆነ ለሻጩ ይመልሱት።