ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ አራተኛ ፎቅ፦ እናቴ ክረምቱን እንዴት ታግኘው?

የዶሮ ማነቂያዋ ልጅ
ሐምሌ 27 ቀን 2017

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበትን የዶሮ ማነቂያ ቀበሌ ቤት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ለቅቃ፣ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔና ከሁለት ልጆቼ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ደረቅ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ከጎረቤት ጋር የማንጋራው፣ የራሳችን ነው፤ በዚህ ረገድ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲያወርደው ከቆየ በኋላ፣ መጋረጃውን ገልጣ የራሰውን አስፋልት ስታይ «ዘንቦ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህች ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በዚያ ቤት መዝነብ አለመዝነቡን መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሬዲዮው አይሰማም፣ ከአልጋው እስከ በሩ ለመነጋገር እንጮኻለን፣ መጮኹ ሲታክተን ደግሞ ሁላችንም ዝም ብለን የከሰል ምድጃውን እንከባለን። እናቴ በቆሎውን ታገላብጣለች፣ እኔ በካርቶን ቁራጭ አራግባለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ገና ያልበሰለውን ለመንጠቅ እጁን ይዘረጋና በማራገቢያው ይመታል። ዝናቡ ሲያባራ አስቀድሞ ጆሯችን የሚገባው የጎረቤት ቡና ሙቀጫ ነበር።

አሁን ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ቡሄም ተከትሎ ይመጣል። እናቴ «ዘንድሮ ለልጆቹ ሙልሙል እጋግራለሁ» ብላለች፤ ይሁንና እሷ የምታውቀው የሸክላ ምጣድና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሲሆን፣ እኔ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ነው። በረንዳችን ላይ ከሰል አያይዞ በቆሎ መጥበስ ይቻል እንደሆነም እርግጠኛ አይደለሁም። ችቦውንማ ጭራሽ የት እንደምናበራው አላውቅም። ከመሬት ቤት ወደ ፎቅ የወጣችሁ ሰዎች የክረምቱን ነገር እንዴት እንዳደረጋችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


እትዬ ከደጃች ውቤ ሰፈር
ሐምሌ 28 ቀን 2017

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ምጣዱን ለእናትሽ ልቀቂላት፤ እሷ የማታውቀው ማብሪያ ማጥፊያውን እንጂ ሙልሙሉን አይደለም። እኔ ከደጃች ውቤ ሰፈር ተነሥቼ ፎቅ ላይ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አንድም ቡሄ ሙልሙል ሳልጋግር አላለፈም።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ የሚል ለብ ያለ ውሃና ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነውና ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። በነሐሴ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሣም፤ ስለዚህ ማታ አቡክታችሁ፣ ዕቃውን ከድናችሁ፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። እኔ የድሮ ጋቢዬን ለዚሁ ብዬ ነው ያስቀመጥሁት፤ ልጆቼ «የሊጡ ጋቢ» ይሉታል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ችግሩ ኃይለኛነቱ ነው። የተሠራው ስስ ሆኖ ለሚፈስ የእንጀራ ሊጥ ስለሆነ፣ ወፍራም ነገር ስታስቀምጪበት ታቹ አሮ መኻሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። በደንብ ከጋለ በኋላ በጎመን ዘር አስሺው፣ ከዚያ አጥፍተሽ ሙቀቱ በረድ እስኪል ጠብቂ፤ መዳፍ የምታክል ሞላላ አድርጋችሁ ደርድሩበትና አክንባሎውን ክደኑት። ቀዝቀዝ ሲል እያበራችሁ፣ ሲግል እያጠፋችሁ፣ አንድ ጊዜ አገላብጡት። መብሰሉን የሚነግርሽ ቀለሙ አይደለም፤ ታቹን በጣትሽ ስትመቺው እንደ ባዶ ሣጥን ሲጮህ ነው።

በእኛ ሰፈር ሙልሙል ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች ብቻ ሳይሆን ለክርስትና ልጅም ይሰጥ ስለነበር፣ እናቴ ለራሳችን ሳታስቀር ሁሉን አድላ የጨረሰችበትን ቡሄ አስታውሳለሁ። የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ ሌላ ናቸው። አምና በሬ ላይ ለጨፈሩት ሙልሙል ባወጣላቸው እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው በትሕትና «እትዬ፣ ከዚህ ጋር ብር የለዎትም?» አለኝ። ሁለቱንም ሰጠኋቸው፤ ሙልሙሉን ግን ደረጃው ላይ ቆመው ሲበሉት በመስኮት አይቻለሁ።


ባለሦስተኛ ፎቅ
ሐምሌ 28 ቀን 2017

ስለ ሙልሙሉ እትዬ ከተናገሩ እኔ የምጨምረው የለኝም። ስለ ከሰሉ ግን ዝም ማለት አልችልም። ክረምት በገባ ቁጥር ብርዱን ሽሽት ምድጃ ወደ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ በደንብ የፋመ ከሰል ደግሞ ጭስ ስለሌለው «አሁን ምንም አይልም» ብሎ ያስገባዋል። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውዬው ራሱን አሞት እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ያሸልባል። የድሮዎቹ ቤቶቻችን በየስንጥቁ ነፋስ ስለሚያስገቡ ሳናውቀው ያተርፉን ነበር፤ የኮንዶሚኒየም በርና መስኮት ግን ግጥም ይላል። ስለዚህ ከሰሉ የሚቀጣጠለውም የሚጠፋውም በረንዳ ላይ ይሁን፤ እየነደደ ላንድ ደቂቃ እንኳ ወደ ሳሎን አይግባ፤ ከበረንዳው ወደ ቤት የሚያስገባውም በር ይዘጋ።

እኛ ቤት የምንጠቀመው ላቀች ምድጃ ነው፤ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃም ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ከሥሩ የሴራሚክ ቁራጭ አድርጉለት። ከማያያዛችሁ በፊትም የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችሁ ልብስ አስጥተው እንደሆነ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ይህን የምለው አንድ ጊዜ ተቀይመውኝ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ስላጣሁ ነው።

በቆሎውን በተመለከተ፣ እሸት በቆሎ ከተቆረጠ ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ ወደ ስታርችነት እየተለወጠ ስለሚሄድ፣ በምትጠብሱበት ዕለት ጠዋት ግዙት። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍራችሁ ስትጫኗት ወተት የምትረጭ ከሆነ ለጥብስ ደርሷል፤ ካልረጨችና ከጠጠረች ለቅቅል ነው። ለቅቅልና ለንፍሮ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ተዘፍዝፈው ካላደሩ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተኩ ቢውሉ እንኳ ጥርስ የሚፈትኑት በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው።


ከሰባ ደረጃ ሥር
ሐምሌ 29 ቀን 2017

ሁሉንም በደስታ አነበብሁ፤ ነገር ግን አንድ የሚጎረብጠኝ ነገር አለ። እኔ ያደግሁት ከሰባ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው በኩል ነው። ጎርፉ ደረጃውን እንደ ፏፏቴ እየወረደ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር። ጣሪያችን በአምስት ቦታ ያፈስሳል፤ ለእያንዳንዱ ጠብታ የተመደበ ዕቃ ነበረ፦ አንዱ ጋ ሳፋ፣ አንዱ ጋ ባልዲ፣ አንዱ ጋ እጀታው የተነቀለ ድስት፣ ሁለቱ ጋ የዱቄት ወተት ጣሳ። እናቴ የትኛው እንደሞላ ከድምፁ ታውቅ ስለነበር፣ ሌሊት ከአልጋዋ ሳትነሣ «ባልዲው ደርሷል» ትለኛለች፤ እኔም በጨለማ ተነሥቼ ደጅ እደፋለሁ። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ዓይኗ ቀልቶ የሚውለው እሷ ነበረች፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አልደርቅ ብሎ የሻገተ እንደሆነ እንደገና የምታጥበውም እሷው። በቆሎውን የምንበላው ግን እኛ ልጆቹ ነበርን።

ስለዚህ ጠያቂዋን በአክብሮት የምጠይቀው፣ ክረምቱ የጠፋው ለእናትዎ ነው ወይስ ለእርስዎ? «ዘንቦ ነበር እንዴ?» ማለታቸው እኮ እፎይታም ሊሆን ይችላል። እኔ እናቴን በሕይወት ሳለች ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር ላምን፤ ዛሬም ዝናብ የሚመታው ቆርቆሮ ሥር ከቆምሁ፣ የታክሲ ወረፋ ላይ እንኳ ብሆን፣ እንቅልፌ ይመጣል። ድምፁ ብቻ ከሆነ የቸገረው፣ የቆርቆሮ ሳፋ በረንዳው ጠርዝ ላይ ዝናቡ እንዲያገኘው አድርገው ይድፉት። ወጪ የለውም።


እትዬ ከደጃች ውቤ ሰፈር
ሐምሌ 30 ቀን 2017

የሰባ ደረጃው ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ እናትህን ነፍስ ይማር። እኔም የማፍሰሱን ነገር ሆን ብዬ ነው የዘለልሁት፤ ሙልሙል ተጠይቄ ስለ ጣሪያ ምን አወራለሁ ብዬ። የባልዲ ጠብታ የቆጠረች ሴት ደረቅ ጣሪያን አትጠላም።

ለጠያቂዋ ደግሞ የችቦው ነገር ሳይመለስላት እንዳይቀር፦ የሚበራው በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ማታ ነው። ለግቢው ጥበቃና ለነዋሪዎች ኮሚቴው አስቀድማችሁ ንገሩና መኪና ከሚቆምበት ርቃችሁ ግቢው ውስጥ አብሩት፤ እኛ አንድ ቤተሰብ ሆነን ጀምረን በሁለተኛው ዓመት ከየፎቁ ወረዱልን። ጅራፉን ግን ልጆቹ ሜዳ ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ አያጩኹት፤ ጩኸቱ ከፎቅ ፎቅ እየተጋጨ ሕፃናት ያስደነግጣል። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል እንጂ ዝናቡ በዚያ ቀን አያቆምም፤ ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ከዘነበ ልጆቹን አውርደሽ ተጠመቁበት። በእኛ ልጅነት ያን ቀን ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልብሳችንን አውልቀን ስንሯሯጥበት፣ ሌላ ቀን ብንሞክረው የምትገርፈን እናታችን ራሷ ናት ወደ ደጅ የምትገፋን።


የዶሮ ማነቂያዋ ልጅ
ነሐሴ 5 ቀን 2017

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በሙሉ ለእናቴ አነበብኩላት። ሙልሙሉ ላይ ከእትዬ ጋር አልተስማማችም፤ «ጥቁር አዝሙድ የድፎ ነው፣ ሙልሙል ባዶውን ነው የሚያምረው» ብላለች፤ ምጣዱን አጥፍቶ የማብረዱን ነገር ግን ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። ላቀች ምድጃ ገዝተን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ በረንዳ ላይ ስምንት በቆሎ ጠበስን፤ የላይኛዋን ጎረቤታችንን አስቀድመን ስላስጠነቀቅናት ልብሷን አስገብታ አንዱን በቆሎ እሷ በላችው። እናቴ ማራገቢያውን ከእጄ ወስዳ «አንቺ ታስነጥሺዋለሽ እንጂ አታፋፍሚውም» አለችኝ።

የሰባ ደረጃውን ወንድማችንን ጥያቄ በቀጥታ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላም «ማፍሰሱን ማን ይናፍቃል?» ብላ የእኛ ቤት በስንት ቦታ ያፈስስ እንደነበር ቆጠረችልኝ፤ እኔ የማውቀው አንዱን፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለውን ብቻ ነበር፤ ለካ አራት ነበሩ። የቀሩትን የማላውቃቸው ከመንቃቴ በፊት ዕቃዎቹን ደፍታ ወለሉን ስለምትወለውል መሆኑን የተረዳሁት ገና አሁን ነው። «ድምፁስ?» ብላት ግን ወዲያው አልመለሰችልኝም። «ድምፁ ደህና ነበር» አለች፣ ቆይታ።

ሳፋውን ትናንት ማታ ደፋነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲወርድ ሳፋው መጮኽ ጀመረ፤ እኔ ነቅቼ እያዳመጥኩ ሳለሁ እናቴ ከክፍሏ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ፣ «ኧረ ልብሱን ከገመድ ላይ አውርዱት!» ብላ ተጣራች። በረንዳችን ላይ የልብስ ገመድ የለንም። ትልቋ ልጄ ግን ተነሥታ በረንዳውን ከፍታ ዘጋችና «አውርጄዋለሁ፣ እማማ» አለቻት።