የበግ ጡንቻ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝን በላቦራቶሪ መለካት፦ የሚነበበው ቁጥር የኢንዛይሙ ነው ወይስ የሌላ?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ የበግ ጡንቻ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝን የሥራ ኃይል በመለካት ላይ እገኛለሁ። እንደምታውቁት ይህ ኢንዛይም ፍሩክቶስ-6-ፎስፌትን በኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) አማካይነት ወደ ፍሩክቶስ-1፣6-ቢስፎስፌት የሚለውጥ፣ የግላይኮሊሲስን (የስኳር መፍረስ ሂደት) ፍጥነት በዋናነት የሚወስን ነው። የምከተለው ዘዴ አልዶሌዝን፣ ትራዮዝ ፎስፌት አይሶሜሬዝንና ግሊሴሮል-3-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝን በረዳትነት ጨምሮ፣ እነዚህ ረዳት ኢንዛይሞች የተገኘውን ፍሩክቶስ-1፣6-ቢስፎስፌት ሲለውጡ የሚበሉትን የኤንኤዲኤች (ብርሃን የሚመጥ ረዳት ሞለኪውል) መቀነስ በ340 ናኖሜትር ብርሃን ማንበብ ነው።

ሦስት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል። አንደኛ፣ ፍሩክቶስ-6-ፎስፌቱን ገና ሳልጨምር ንባቡ መውረድ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሥጋው ከቄራ መጥቶ ከተፈጨ በኋላ በበረዶ ላይ ያሳደርኩት ኤክስትራክት (የጡንቻው ጭማቂ) በማግስቱ የሚሠራ አይመስልም። ሦስተኛ፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተመሳሳይ ናሙና ለክተን ስናሰላ የእኔ ውጤት ሁልጊዜ የእርሱን እጥፍ ይሆናል። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከአዘዞ፣ የባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ባለሙያ)

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ። ያልተጣራ የጡንቻ ኤክስትራክት ውስጥ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ እጅግ ብዙ ነው፤ ከሥጋው ጋር አብሮ የመጣ ፒሩቬት ደግሞ አይጠፋም። ሁለቱ ሲገናኙ ኤንኤዲኤችን ይጨርሱታል። ይህ ዓይነቱ መውረድ መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሆኖ ፒሩቬቱ ሲያልቅ ይረጋጋልና፣ መስመሩ ቀጥ እስኪል ይጠብቁና ያን ጊዜ ፍሩክቶስ-6-ፎስፌቱን ይጨምሩ። ከዚያ በኋላም በዝግታ የሚቀጥል መውረድ ካለ እርሱን እንደ ብላንክ (ከኢንዛይሙ ሥራ ውጭ የሆነ መነሻ ንባብ) ይቁጠሩትና ከዋናው ፍጥነት ይቀንሱት። ፍሩክቶስ-6-ፎስፌት የሌለበትን ኩቬት (የማንበቢያ ብልቃጥ) ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ይህ ንባብ ያልተያያዘበትን ውጤት እኔ በበኩሌ አልቀበልም።

ኤንኤዲኤቹንም ይመርምሩ። 0.2 ሚሊሞላር የሆነ ትኩስ መፍትሔ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 1.24 አካባቢ ማሳየት አለበት። አሲድነት ያለው ውኃ ያበላሸዋልና በጥቂቱ አልካላይን በሆነ ባፈር (ፒኤችን የሚያጸና መፍትሔ)፣ በዕለቱ፣ ከብርሃን ተጠብቆ ይሟሟ።

መልስ (ከአራዳ፣ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት የተሰማራ)

እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ችግሩ ከላቦራቶሪው በፊት ቄራው ላይ ይጀምራልና ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ይቅር ይበሉኝ። በጉ ከታረደ በኋላ ጡንቻው ግላይኮጅኑን ያለ ኦክስጅን ማፍረሱን ይቀጥላል፤ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፤ 7 አካባቢ የነበረው ፒኤች በሰዓታት ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ ደግሞ አሲድን የማይችል ኢንዛይም ነው፤ አራት ክፍሎቹ ተለያይተው ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ጠዋት የታረደ በግ ሥጋ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ቢደርስ፣ የሚለካው በሕይወት የነበረውን ጡንቻ ሳይሆን ከመበላሸት የተረፈውን ብቻ ነው። ናሙናውን እንደታረደ ወዲያው በትናንሹ ቆርጠው ቢያንስ በዚያው ፒኤቹ 8 በሆነ፣ ኢዲቲኤና ዲቲዮትሬይቶል (ኢንዛይሙን ከመበላሸት የሚጠብቁ ኬሚካሎች) ባሉበት ባፈር ውስጥ ይጨምሩት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከተገኘ እጅግ የተሻለ ነው፤ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች አባለዘሩን የሚያቆዩት በእርሱ ስለሆነ እነርሱን መጠየቅ አይከፋም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው በረዶው ነው። ሌሎች ኢንዛይሞችን የሚጠብቀው ቅዝቃዜ ይህን ኢንዛይም፣ በተለይ ፒኤቹ ከ7 በታች ሲሆንና መፍትሔው ሲቀጥን፣ ይጎዳዋል። ኤክስትራክቱን ሳያቀጥኑ ይያዙት፤ የሚቀጥነው ሊለካ ሲል ብቻ ይሁን፤ ከተቻለም በዚያው ቀን ይለካ። ፍሩክቶስ-1፣6-ቢስፎስፌት ያጸናዋል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ለአልዶሌዝ ቀጥተኛ ምግብ ስለሚሆን በዚህ ዘዴ ንባቡን ያዛባል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባፈሬ ፒኤች 7 ነው፤ ኤቲፒው 5 ሚሊሞላር፣ ማግኒዥየሙም እንዲሁ 5 ነው። ይህስ ተጽዕኖ ይኖረው ይሆን?

መልስ (ከአዘዞ)

አዎን፣ ትልቅ ተጽዕኖ አለው። ኤቲፒ ለዚህ ኢንዛይም መኖም ልጓምም ነው፤ ፒኤች 7 ላይ ሲበዛ ያግደዋል። የጥናትዎ ዓላማ ጠቅላላ አቅሙን መለካት ከሆነ ፒኤቹን ወደ 8 ከፍ፣ ኤቲፒውን ወደ 1 ሚሊሞላር ዝቅ ያድርጉ፤ ማግኒዥየሙም ከኤቲፒው በግልጽ ይብለጥ። ዓላማዎ ቁጥጥሩን ማጥናት ከሆነ ግን 7ን አይልቀቁት።

መልስ (ከፒያሳ፣ ጡረታ የወጣ መምህር)

ልጄ፣ ስሌቱን በተመለከተ ከባልደረባህ የለያየህ አንድ ቁጥር ይመስለኛል። አንድ ሞለኪውል ፍሩክቶስ-1፣6-ቢስፎስፌት በአልዶሌዝ ሲከፈል ሁለት ትራዮዝ ይሰጣል፤ አይሶሜሬዙ አንዱን ወደ ሌላው ስለሚለውጠው ሁለቱም ኤንኤዲኤች ይበላሉ። በመሆኑም ንባቡን በ6.22 (1 ሚሊሞላር ኤንኤዲኤች በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት የሚሰጠው ንባብ) ካካፈልክ በኋላ እንደገና በ2 ማካፈል ይገባሃል። ለምሳሌ ንባቡ በደቂቃ 0.0622 ቢወርድ የጠፋው ኤንኤዲኤች 0.01 ሚሊሞላር፣ የኢንዛይሙ ሥራ ግን 0.005 ሚሊሞላር ነው። የኩቬቱ ይዘት 1 ሚሊሊትር፣ የጨመርከው ኤክስትራክት 10 ማይክሮሊትር ከሆነ በኤክስትራክቱ ሚሊሊትር 0.5 ዩኒት (ዩኒት ማለት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል የሚለውጥ የኢንዛይም መጠን ነው) ይሆናል።

ረዳት ኢንዛይሞቹ ብዙ ጊዜ በአሞኒየም ሰልፌት ውስጥ ሆነው ይሸጣሉ፤ አሞኒየም ደግሞ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝን ያነቃቃል። በዳያሊሲስ (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በማጣራት) አስወግደው። ከዚያም ሁለት ፈተና አድርግ፦ ኤክስትራክቱን እጥፍ ስታደርግ ፍጥነቱ እጥፍ ይሁን፤ ረዳቶቹን እጥፍ ስታደርግ ግን አይለወጥ። ሁለተኛው ፈተና ላይ ፍጥነቱ ከጨመረ እስካሁን የለካኸው የረዳቶቹን እጥረት ነው። የኤክስትራክቱን ፕሮቲን መጠን በብራድፎርድ ዘዴ ለካ፤ በባፈሩ ያለው ዲቲዮትሬይቶል ሌላውን የፕሮቲን መለኪያ፣ የላውሪን ዘዴ፣ ያበላሻል። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ነውና ኩቬቱን በ25 ወይም በ30 ዲግሪ አጽናው፤ የመረጥከውንም ሙቀት ከውጤቱ ጋር ጻፍ።