የካቲት 12ን ሐውልቱ ስር ብቻ ነው የምናስበው?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ዘንድሮ የካቲት 12፣ የሰማዕታት ቀን፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ነበርኩ። የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ፣ አባት አርበኞች ፎከሩ፣ ንግግር ተደረገና አለቀ። ከአጥሩ ውጪ የሽሮሜዳ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ ዛሬ ምን እንደሆነ ብጠይቀው "ስብሰባ መሰለኝ" አለኝ። ከጀርባው እኮ ጣልያን የጨፈጨፋቸው ሰዎች በነሐስ ተቀርጸዋል! በጣም ከነከነኝ። ለከርሞ ከጊዮርጊስ ተነስተን፣ በአፍንጮ በር አድርገን እስከ ሐውልቱ በእግር ብንሄድስ? ሰዉን እንዴት እንጥራው?

መምህሯ፦
ከጊዮርጊስ መነሳቱን ወድጄዋለሁ፣ እሱንም ያኔ ጣልያኖች አቃጥለውታል። ግን ስትጠሩ ስለ ሟቾቹ ንገሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ እንልና እናልፋለን። ገነተ ልዑል ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት፣ ተሰብስበው የነበሩት እኮ ምጽዋት የሚጠብቁ ድሆች ናቸው። የጣልያን ልዑል ተወለደ ተብሎ ገንዘብ ይታደላል የተባሉ ሽማግሌዎችና ዓይነ ስውሮች። መትረየሱ መጀመሪያ የተተኮሰው እነሱ ላይ ነው። ይሄን ስናገር ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ።

የአፍንጮ በር ልጅ፦
አያቴ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ሣር ክዳን ነው። ማታ ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱት፤ እናቷ በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ይዛት ወረደች። ጎረቤቶቻቸው ግን አልወጡም። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነበር፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር 30,000 ሰው አልቋል። አያቴ እስክትሞት ድረስ የቤንዚን ሽታ አትችልም ነበር፣ ማደያ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ቀኑ ታስቦ ይውላል እንጂ ሥራ አይዘጋም፣ ስለዚህ በማለዳ አድርጉት። ለከተማ አስተዳደሩም ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ፖስተርና ቲክቶክ ደግ ነው፣ እኔ ግን በእድር በኩል ጥሩ እላለሁ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ የለ? ይሄም ልቅሶ ነው። ሟቾቹ የዚሁ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ጥሩምባ ነፊው በዋዜማው ይዙር፣ እናቶች እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ ለብሰው ይውጡ። ለልቅሶ የሚቀር የለም።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ አልመጣልኝም ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ጎረቤቴ ናቸው፣ እሁድ አነጋግራቸዋለሁ። የአፍንጮ በር ልጅ፣ የአያትሽ ቤት የነበረበትን ቦታ ታውቂዋለሽ? መንገዳችን ላይ ነው፤ ፈቃድሽ ከሆነ እዚያ ቆመን አንቺ ትነግሪናለሽ።

የአፍንጮ በር ልጅ፦
አውቀዋለሁ። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።