የሀይፋና የዚክሮን ጉዞ፦ ለማትናሱ (ለማኅበረሰብ ማዕከሉ) የሚገባው ማመልከቻ፣ የጥቂት ቀናት ምልልስ

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ይኸው። ጠዋት ሀይፋ ወደብ፤ ጃንሆይ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ በእንግሊዝ ጦር መርከብ መጥተው የወረዱበት። ከሰዓት ዚክሮን ያዕቆብ፣ የወይን ጠጅ ቅምሻ። ማመልከቻው ሐሙስ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው የአውቶቡስ ዕዳ አልተከፈለም። ማትናሱ ግማሹን ካልሸፈነ እኔ የለሁበትም።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦ «ወይን ጠጅ» የሚለው ይውጣ። ልጆቻችንን ይዘን ጠጅ ቤት ልንሄድ ነው?

ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ ጠጅ አይደለም፤ ወይን ነው።

ተወካዩ፦ ወይን ፍሬው ነው። የሚጠጣው ወይን ጠጅ ነው። አማርኛ ልታስተምረኝ ነው?

ከወጣቶች፦ «ወይን» በሉትና ገላግሉን።

ከእናቶች፦ ፍሬ መስሎን ዘንቢል ይዘን ብንመጣስ?

ተወካዩ፦ ቀልድ አላወራሁም! ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው የሁላችንም ስም ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ አንድ ቃል ይሄ ሁሉ! አውቶቡስ ማን ይጠይቃል?

ከወጣቶች፦ እኔ ነገ እደውላለሁ።

ከእናቶች፦ ዚክሮን እኮ መጠጥ ብቻ አይደለም። በ1882 እ.ኤ.አ. ከሩማንያ የመጡ ሰዎች ናቸው የቆረቆሩት። መሬቱ ድንጋይ ሆኖባቸው ሊበተኑ ሲሉ ባለጸጋው ባሮን ሮትሺልድ ደረሱላቸው። ወይን ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. አስከሬናቸው ከፈረንሳይ በጦር መርከብ መጥቶ ሀይፋ ወረደ፤ መቃብራቸው እዚያው ዚክሮን አጠገብ፣ ራማት ሃናዲቭ ነው። ጃንሆይም ባሮኑም በሀይፋ! ይሄን ጻፉ፣ ቅምሻው ይቅር።

ተወካዩ፦ ተባረኪ። ትናንት ተናድጄ ነው፣ ልጄ ጸሐፊው ይቅር በለኝ።

ጸሐፊው፦ ምንም አይደል ጋሼ። ሀይፋ ያለውን የባሃኢ ሃይማኖት የአትክልት ስፍራም ልጨምር? መግቢያው ነጻ ነው።

ከእናቶች፦ ያ ሁሉ ደረጃ በኔ ጉልበት? ከላይ፣ ከየፌ ኖፍ መንገድ አይቼው ይበቃኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቡዕ መሸ። አውቶቡሱስ?

ጸሐፊው፦ ልጁ ስልክ አያነሳም።

ተወካዩ፦ በባቡር እንሂድ። ጃንሆይስ ወደ ኢየሩሳሌም በባቡር አይደል የሄዱት?

ጸሐፊው፦ ባቡሩ ቢንያሚና እንጂ ዚክሮን አይደርስም።

ከእናቶች፦ እንግዲያው ሀይፋ፣ ሆፍ ሃካርሜል ጣቢያ እንውረድ፤ ባሕሩ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ዳቦና ቡና በኛ።

ጸሐፊው፦ ርዕሱን «የቤተሰብ ቀን በባሕር ዳር» ብዬዋለሁ። ወደቡን ከሩቅ እናየዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው ዕዳስ?